ለሁለት ወገን የተሰጠው የመሐል መስመርና የአቶ ከተማ የኋላ ማርሽ

ጅማ፣ የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ሻምበል ሽበሺ ደገፉ፣
የመሐል መስመር ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሹም

ግልባጭ፦ በቡና መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤትዎና ከልጆችዎ፣ ከበታችዎ ካሉት ሠራተኞችና ከቀለም ባልዲዎችዎ ጋር ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በእርግጥ ስለ ደኅንነትዎ ብዙም ሰግቼ አላውቅም፤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የምትቆመው መኪና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት አንዴ ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ከአወቱ ወንዝ በተቀዳ ውኃ ስትታጠብ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ስለሚያይ፣ መኪናዋ እንዲህ ከተያዘች ሹሙማ እንዴት ተይዘው ይሆን እያልን እንጽናናለን።

እኔ ጎሳዬ ወልደሰማያት እባላለሁ። ከሸቤ ወደ ጅማ ቡና የማመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ስሆን፣ መሪ ከጨበጥኩ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር እንኳ ከአንድ አጥር በቀር ያፈረስኩት ነገር የለም፤ አጥሩም የራሴ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ስሆን የሚጽፉልኝ ግን ከፍርድ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ስለዚህ በውስጡ የሚያገኙት ትሕትናና ያማረ አማርኛ የእሳቸው፣ ንዴቱ ደግሞ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ። ስለ እሳቸው ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን አንገታቸውን ደፍተው እየጻፉ ስለሆነ ባላስታጉላቸው ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይገባዎታል። ክቡርነትዎ ከሦስት ወር በፊት ከገበያው ወደ አወቱ ድልድይ የሚወርደውን ሰፊ መንገድ ነጭ ቀለም አስቀብተው፣ ለወራጁ ሁለት መስመር፣ ለወጪው ሁለት መስመር፣ በመሐል ደግሞ ከሁለቱም ወገን ወደ ግራ ለሚታጠፉ ሰዎች የጋራ የሆነ አንድ መስመር አበጅተው፣ ባለ ሦስት አንቀጽ መመሪያም በየግድግዳው አስለጥፈውልናል። በከተማችን ያሉት መኪኖች ሁሉ ተጠርተው ቢሰለፉ ከአምስቱ መስመሮች አንዱን እንኳ መሙላታቸው ያጠራጥራል፤ ክቡርነትዎ ግን ልጁ ሳይወለድ ሙሉ ልብስ እንደሚያሰፋ አባት አርቀው አሰቡልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

እንግዲህ ምስጋናዬን ካደረስኩ ዘንድ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳሰፍር ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፤ ሁለቱ መስመሮች አንድ ስለሚሆኑበት ቦታ።

የመመሪያው አንቀጽ አንድ፣ ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ወራጅ መስመሮች ከድልድዩ በፊት ወደ አንድ ሲገቡ «አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ እየሆኑ በየተራ ይለፉ» ይላል። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አላየሁም። ብቻ «አንድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስላልተጻፈ፣ ሐሙስ ሐሙስ በገበያ ቀን ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የድልድዩ አፍ በክርክር ይደምቃል። ቡና የጫኑ ስድስት አህዮች የሚነዳ ሰው አንድ ነው ወይስ ስድስት? አንድ ነው ስንል ከጎን የቆመው ይቆጣል፤ ስድስት ነው ስንል ደግሞ በአህያና በአህያ መካከል አንድ አንድ መኪና እየገባ፣ የፊተኛዋ አህያ ማዶ ደርሳ የሰው ጎመን ስትግጥ ባለቤቷ ወዲህ ማዶ ቆሞ ይጮኻል። የመንደራ ቆጪ ሰፈሩ ጋሪ ነጂ ኑሪ ደግሞ ፈረሱ አንድ፣ ጋሪው አንድ ነው ብሎ ሁለት ተራ ይጠይቃል። እምቢ ሲሉት «አቦ፣ መመሪያው ነው እኮ ያለው!» እያለ ከግድግዳ የገነጠለውን ወረቀት ከኪሱ ያወጣል። ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ኑሪም ሞኝ ባይሆን ወረቀት ይዟል።

የእኔ ግን ከዚህ ይብሳል። ባለፈው ታኅሣሥ ጭነቴን አራግፌ በቀኙ መስመር ወደ ድልድዩ ስወርድ በግራው መስመር የቀብር ሰልፍ ደረሰ። ከፊት አስከሬኑን የያዘች መኪና፣ ከኋላዋ በእግሩ የሚከተል ለቀስተኛ። ድልድዩን እንዲጠብቁ ያቆሙልን አሥር አለቃ ቲጃኒ፣ መመሪያውን እንደ ፋቲሃ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ አስከሬኑን አሳልፈው ለቀስተኛውን በእጃቸው አገዱና ወደ እኔ ዞረው «አንድ ከግራ አልፏል፤ ተራህ ነው፤ ግባ» አሉኝ። ለመንኳቸው። «ሕግ ነው» አሉ። ገባሁ።

እንዲህ ሆኖ በሬሳውና በለቀስተኛው መካከል ኤንትሬዬን ይዤ ተገኘሁ። ድልድዩ ላይ መውጫ የለም፤ ከድልድዩ በኋላም ከጀርባዬ ሰው እያለቀሰ እኔ ቀድሜ ልፈትለክ ብል ነውር ሆነብኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው በበኩሉ ከሬሳው ቀጥሎ የሚሄድ ያለ ቅርብ ዘመድ ሊሆን አይችልም ብሎ ስለደመደመ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ መኪናዬን አስቁመው፣ ሁለት ሰዎች ከካቢና ደግፈው አውርደው፣ በፊተኛው ረድፍ አቆሙኝ። ሳይጠሩት አቤት ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሟች ምን ስማቸው እንደሆነ እንኳ ያወቅሁት ዲያቆኑ ሲጠራቸው ነው። ቢሆንም ሰዎቹ «አይዞህ» ሲሉኝ እውነትም አነባሁ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስንመለስ ሠላሳ ለቀስተኛ ጭኜ ቤት አደረስኩ፣ ንፍሮ በላሁ፣ ሦስት ቀንም ተቀመጥኩ። ዛሬ የዚያ እድር አባል ነኝ። የተቀያየምኩት ሰው የለም፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ «አንድ» የሚለውን ቃል ባብራሩት ኖሮ ቢያንስ ስማቸውን ቀድሜ ጠይቄ ባለቀስኩ ነበር።

፪ኛ፤ ስለ መሐሉ መስመር።

አንቀጽ ሁለት፣ የመሐሉ መስመር ወደ ግራ ለሚታጠፍ ሰው ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ይናገርና፣ ፍሬቻውን አብርቶ እንዲገባ፣ መንገዱ እስኪለቀቅለት ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ከዚያም እንዲታጠፍ ያዛል። «ማንም ይህን መስመር እንደ መንገድ አይሂድበት» ብሎም በትልቁ ጽፏል። አንቀጽ ሦስት ደግሞ ሁለት መኪኖች ከሁለት ወገን ገብተው አፍ ለአፍ ቢገናኙ ቀድሞ የገባው እንዲያልፍ፣ ኋላ የገባው ወደ ኋላ እንዲመለስለት ይደነግጋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁሉም ሰው ለመቅደም በሚጋፋበት አገር እንደሆነ ያስታውቃል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። እዚህ አንድ የታወቀ ሰው ከሌላ የታወቀ ሰው ጋር አፍ ለአፍ ተገናኝቶ እንዴት ሰላምታ ሳይሰጥ ይለፍ? ሞተር ይጠፋል፤ ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብና የቡና ዋጋ በየተራ ይጠየቃል። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይጀመራል። አንዱ «ይለፉ» ይላል፤ ሌላው «በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» ይላል፤ አንዱ «በሞቴ» ሲል ሌላው «በልጆቼ» ይላል። ባለፈው ወር ልብስ ሰፊው አቶ ለይኩንና የጨው ነጋዴው ሐጂ ከሊል እንዲህ ሲገባበዙ ከማዶ ያለው ሻይ ቤት ሁለት ጊዜ ሻይ ልኮላቸው ብርጭቆውን በኮፈናቸው ላይ አስቀምጠው ጠጥተዋል። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ኋላ ተመልሰው በሌላ መንገድ ሄዱ። መስመሩ ባዶውን ቀረ፤ ማንም አላለፈም፤ ማንም ግን አልተቀየመም።

፫ኛ፤ ጥር ፳፰ ቀን ሐሙስ በእኔ ላይ ስለ ደረሰው።

ያን ዕለት ቡና ጭኜ ከሸቤ ገብቼ ወደ መጋዘኑ ልታጠፍ ፍሬቻዬን አብርቼ፣ በመመሪያው መሠረት፣ ወደ መሐሉ መስመር ገባሁና አህዮች እስኪያልፉልኝ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ለፊቴ አንዲት ግራጫ ሰይቼንቶ የቤት መኪና ወደ ፍርድ ቤቱ ልትታጠፍ ገባችና ቀስ እያለች መጥታ ከኤንትሬዬ አፍንጫ ሥር ቆመች። በውስጧ ያሉት አቶ ከተማ ገብረሥላሴ ነበሩ።

ለማያውቋቸው ላስተዋውቅ። አቶ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ከዚህም ሁሉ በላይ የወርቅዬ አባት ናቸው። ወርቅዬን ሽማግሌ ልኬ፣ ተፈቅዶልኝ፣ ሰርጋችን ጾም ሳይገባ እሑድ የካቲት ፲፭ ቀን እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ጾሙ ከገባ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ የስንት ሰው ሐሳብ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ቃሌን ልፈጽምና ስለ ጸሐፊዬ ልናገር። ይህን የምናገረውን ዓረፍተ ነገር ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው የሚጽፉት እኚሁ አቶ ከተማ ናቸው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለቱንም ጊዜ ከበር መልሰውብኛል። ነገር ግን ጡረታ ወጥተው ያንን ጠረጴዛ ሲዘረጉ «አቤት ብሎ የመጣ ሰው ሳይጻፍለት ከዚህ አይመለስም» ብለው የማሉ ሰው መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ በማለዳ መጥቼ፣ ከሁለት የመሬት ተከራካሪዎች ኋላ ተራዬን ጠብቄ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው «ለማን ይሁን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው የወጣው ቃል «ቀጥል» የሚል ብቻ ነው።

እቀጥላለሁ። አቶ ከተማን ሳይ ሞተሬን አጥፍቼ፣ ዘልዬ ወርጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ «ጋሼ፣ ይለፉ» አልኳቸው። «ቀድመህ ገብተሃል፤ እለፍ» አሉኝ። «በሞቴ!» አልኩ። «መመሪያው በሞቴ የሚል አንቀጽ የለውም» አሉኝ። እኔ ለሙሽራዬ አባት መኪና አስመልሼ የማልፍ ሰው ነኝ? ከመንገዱ ዳር ሆኖ የሚያየው ገበያተኛስ ምን ይለኛል? እዚያው ባርኔጣዬን ይዤ ቆምኩ።

በዚህ መካከል አንዲት ጥቁር መኪና ከገበያው በኩል መሐል መስመሩን ይዛ ስትበር መጥታ ከአቶ ከተማ ጀርባ ቆመችና ክላክሷን ያለ ዕረፍት ታስጮኸው ጀመር። ታርጋዋን አቧራ ሸፍኖት ስለነበር የማን እንደሆነች ለይቼ መናገር አልችልም። ጩኸቱን ሰምተው አሥር አለቃ ቲጃኒ ከድልድዩ እየሮጡ መጡ፤ መመሪያውን ዘርግተው «ማነው ቀድሞ የገባ?» ሲሉ ጠየቁ።

እኔም ለአፍታ እንኳ ሳላመነታ «እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ከመንገዱ ዳር ፓፓያ የሚሸጡት ወይዘሮ አይሻ «ወላሂ ትልቁ መኪና ነው የቀደመ! ልጄ፣ ምን ነካህ?» ብለው ጮኹ። አቶ ከተማም በመስኮታቸው እጃቸውን አውጥተው «የቀደመው እርሱ ነው። እኔ ኋላ ነው የገባሁት» አሉ። አሥር አለቃው ሰላምታ ሰጥተው በአንቀጽ ሦስት መሠረት ወደ ኋላ እንዲመለሱ አዘዟቸው።

እዚህ ላይ የሚቀጥለውን ልዝለለው ብዬ ጸሐፊዬን ጠየቅሁ። «ያየኸውን ተናገር» አሉኝ። እነሆ እናገራለሁ። አቶ ከተማ መኪናዋን ከገዙ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው የኋላ ማርሽ ነክተው አያውቁም። የትም ቢሄዱ ወደ ፊት ብቻ በሚያስወጣ ቦታ ያቆማሉ፤ እኛም ይህን ስለምናውቅ በፍርድ ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑም ዙሪያ ያንን ቦታ ማንም ሳይነግረን እንተውላቸዋለን። ያን ዕለት ማርሿ እንደ ቡና መፈልፈያ ተንኳክታ ገባች። ጥቁሯ መኪና ከኋላቸው ሳትነቃነቅ ክላክስ ስለምትነፋ ቀጥ ብለው መመለስ አልቻሉም፤ መሪያቸውን ጠመዘዙ፤ ሰይቼንቶዋም ወደ ዳር ወጥታ በወይዘሮ አይሻ ፓፓያ ላይ ጉብ አለች። ወይዘሮ አይሻ ዘለው ተርፈው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ወዲያው የፓፓያቸውን መጨረሻ አይተው «ያ ረቢ!» አሉ። አቶ ከተማ ወርደው ይቅርታ ጠየቁ፣ የጥፋቱንም ካሡ። ገበያው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አልደፈርኩም። በማግሥቱ ጠዋት «ሰርጉ ቀርቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ወርቅዬ በጎረቤታቸው በኩል «ምን አድርገህ ነው?» ብላ ላከችብኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ወደዚህ ጠረጴዛ የመጣሁት ይህን ሁሉ ዘርዝሬ፣ የመሐል መስመርዎ ሙሽራዬን እንዳሳጣኝ ላስመሰክር ነበር። «አቶ ከተማ በሕዝብ ፊት በመዋረዳቸው ተቆጥተው» ብዬ መናገር ስጀምር ግን ብዕሩ ቆመ። አስቀመጡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን አልጽፍም፤ ሐሰት ነው» አሉ።

እንዲህ ሲሉም ቀጠሉ፦ «ፓፓያ በውኃ ይለቃል፤ ልብሴም ነግቶ ታጥቧል። የተቆጣሁት አንተ በሕግ ሰው ፊት ቆመህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ ሳታፍር ‹እሳቸው ናቸው› ስላልክ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የምስክር ቃል ጽፌአለሁ። በሐሰት የመሰከሩት አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ለዘመዴ፣ ለጎረቤቴ፣ ለታላቄ ብለው ነው። በዚያ ምክንያት ግን የስንቱ መሬት ሄዷል፣ ስንቱ ታስሯል። ዛሬ እኔን ለማክበር ከዋሸህ ነገ ልጄን ላለማስከፋት ትዋሻታለህ፤ እርሷም መቼ እንደምታምንህ ግራ ገብቷት ትኖራለች።»

ክቡር ሆይ፣ አፈርኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሊደርስ የሰውየውን ክብር ለመጠገን ስባዝን፣ ለካ ክብራቸው አልተነካም፤ የጎደለው የእኔ ቃል ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት በነዳሁበት መንገድ ላይ እንዲህ የጠፋብኝ ቀን የለም። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብዬ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው «ባለጉዳይ አይደለህም? ተናገር፤ እጽፋለሁ» አሉኝ። ስለዚህ አንድ ተራ ቁጥር ይጨመርልኝ።

፬ኛ፤ በራሴ ላይ።

እኔ ጎሳዬ ወልደሰማያት ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. በአሥር አለቃ ቲጃኒ ፊት እያወቅሁ ሐሰት ተናግሬአለሁ። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነበርኩ። መንገዱ የእኔ ነበር፤ ማለፍም ነበረብኝ። በጊዜው አልፌ ቢሆን ኖሮ ማንም ወደ ኋላ አይመለስም፣ ፓፓያም አይፈስም ነበር። የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ከደብዳቤው ሁሉ አጭሩ ይህ ሆኖ ሳለ ለመናገር ግን ከሁሉ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ጸሐፊው ሳይሰርዙ ሳይደልዙ ጽፈው፣ በፍርድ ቤት ደንብ ሁለት ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። ሁለተኛውን ሲያነቡ ወረፋ የያዙት ባለጉዳዮች ሁሉ ሰሙ።

በመጨረሻም ክቡርነትዎን የምለምነው ጥቂት ነው። «አንድ» የሚለው ቃል ትርጉም በሰው፣ በአህያና በጋሪ ተለይቶ እንዲጻፍልን፤ ሟች የራሱን ተራ ጨርሶ የሚሄድ ስለሆነ ቀብር በድልድዩ ላይ ተራ እንዳይጠብቅ፤ ሰላምታም ወደ መሐሉ መስመር ሳይገባ በፊት ተሰጥቶ እንዲያልቅ አራተኛ አንቀጽ ይጨመርልን። ወይዘሮ አይሻ ከዚያ ቀን ወዲህ ፓፓያቸውን ከመንገዱ ዳር አንሥተው በመሐሉ መስመር ላይ ዘርግተዋል። ለምን ሲባሉ «እዚያ የሚንቀሳቀስ መኪና አይቼ አላውቅም» ይላሉ። ይህንንም ለጽሕፈት ቤትዎ እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ። ስለ ሰርጌ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው የለም፤ የሚወስኑት እዚህ ከፊቴ የተቀመጡት ሰው ናቸው፣ እሳቸውም እስካሁን ምንም አላሉኝም።

በአህዮቹ፣ በኑሪ ፈረስና ለብቻው አንድ በሆነው ጋሪው ስም፣ በድልድዩ አፍ ተራቸውን እየጠበቁ በሚያረጁት ሁሉ ስም፣ የቀለምዎ ባልዲ እንዳይጎድል፣ ብሩሽዎም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄና ፍሬቻዬን አብርቼ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ጎሳዬ ወልደሰማያት
የሸቤ መስመር ሾፌር፣ ሳያስበው የእድር አባል

ማስታወሻ፤ ከጸሐፊው።

ከዚህ በላይ ያለው ባለጉዳዩ እንደተናገረው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ የተጻፈ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ነገር ግን አንድ ስሕተት ታርሞ መቅረብ ስላለበት ይህን ጨምሬአለሁ። በሦስተኛው ተራ ቁጥር ታርጋዋን አቧራ ሸፍኖት ነበር የተባለችው ጥቁር መኪና አቧራ አልነበረባትም። በዚሁ ደብዳቤ መግቢያ በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትታጠብ የተመሰከረላት መኪና ናት። አንቀጽ ሁለት የሚከለክለውን፣ የመሐሉን መስመር እንደ መንገድ መሄድ፣ ከገበያው ጀምራ እስከ ጀርባዬ ድረስ ስትፈጽም በመስተዋቴ አይቻታለሁ። የሚነዷትንም ለይቻለሁ፤ ባርኔጣቸው የሻምበል ነው። ለምስክርነት ብጠራ በማንኛውም ፍርድ ቤት እናገራለሁ።

ጎሳዬ አራተኛውን ተናግሮ ሲጨርስ ይህንንም አርሞ በራሱ ስም ሊያስጽፍ ፈልጎ ነበር። የእርሱ የማለፊያ ወረቀት በየዓመቱ በክቡርነትዎ እጅ የሚታተም ሲሆን እኔ ግን ጡረተኛ ነኝና፣ በዚህስ እኔ ልቅደም ብዬ ከለከልኩት። አንድ ጊዜ «በሞቴ» አለ። ሁለተኛ ሳይል ተወልኝ።

ሰርጉ እሑድ የካቲት ፲፭ ቀን ነው፤ ቀኑ አልተለወጠም። ክቡርነትዎም ተጠርተዋል። ሲመጡ ግን እባክዎ በቀኙ መስመር ይምጡ፤ በመሐሉ ላይ ወይዘሮ አይሻ አሉበት።

ከተማ ገብረሥላሴ
አቤቱታ ጸሐፊ፣ የሙሽራዪቱ አባት